ከዱባይ ጓንዡ ያለው የበረራ ጊዜ ርቀትን ለፍጥነት በማካፈል ብቻ አይገኝም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

በቅርቡ በጉዞ ዓምዳችሁ በዱባይና በቻይናዋ የጓንዡ ከተማ መካከል ያለው የአየር ርቀት 5,830 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሆነ፣ በረራውም «በመሄጃውም ሆነ በመመለሻው ስድስት ሰዓት ተኩል» እንደሚወስድ ጽፋችኋል። ርቀቱ ልክ ነው። የበረራው ጊዜ ግን ለሁለቱም አቅጣጫ ልክ አይደለም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ መሄጃውንና መመለሻውን በአንድ ቁጥር ማጠቃለሉ አንባቢን ያሳስታል። በደብረ ማርቆስ ጂኦግራፊ የማስተምር ሰው ነኝ። ዓምዱን ተማሪዎቼ ለትምህርታቸው፣ ነጋዴ ጎረቤቶቼ ለሥራቸው ያነቡታል፤ ልጆቻቸውን ወደ ሩቅ አገር የላኩ ወላጆችም «አሁን የት ደርሳ ይሆን?» የሚለውን ለመገመት ይጠቀሙበታል። ቁጥሩ በእነዚህ ሁሉ ሰዎች እጅ የሚገባ በመሆኑ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

ስድስት ሰዓት ተኩል ከየት እንደመጣ ለመረዳት አያስቸግርም። ትልልቆቹ የመንገደኛ አውሮፕላኖች፣ ለምሳሌ ቦይንግ 777 እና ኤርባስ ኤ350፣ ከፍታቸውን ይዘው ሲጓዙ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራሉ፤ 5,830 ለ900 ሲካፈልም ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይሰጣል። ማካፈሉ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን አውሮፕላኑ በዚህ ፍጥነት የሚበረው የጉዞውን መካከለኛ ክፍል ብቻ ነው። ከቆመበት ተነሥቶ ወደ ማኮብኮቢያው ይነዳል፤ ተራውን ይጠብቃል፤ ከተነሣ በኋላ ወደ 10,000 ሜትር ከፍታ ለመውጣት ሃያ ደቂቃና ከዚያም በላይ ይፈጅበታል፤ ሊደርስ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቀረውም ፍጥነቱን እየቀነሰ መውረድ ይጀምራል። አየር መንገዶች በፕሮግራማቸው የሚያወጡት ጊዜ ደግሞ አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ደቂቃ አንሥቶ በመድረሻው እስኪቆም ድረስ ያለውን ሁሉ ይጨምራል። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በቀጥታ የአየር መስመር 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያው ስሌት ብንሄድ ሃያ ሁለት ደቂቃ ይሆን ነበር፤ ትኬቱ ላይ የሚጻፈው ግን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በዚህ መስመር የሚመደበው አውሮፕላን ዝግ ያለ ሊሆን እንደሚችል ቢታሰብ እንኳ ልዩነቱ በዚያ ብቻ አይሞላም።

ቀጥሎ ርቀቱ ራሱ ምን ዓይነት ርቀት እንደሆነ አንባቢ ሊነገረው ይገባል። 5,830 ኪሎ ሜትር በሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል በምድር ክብ ገጽ ላይ ሊለካ የሚችለው አጭሩ መስመር ነው። በክፍል ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ካርታ ዱባይንና ጓንዡን በማስመሪያ ብናገናኝ መስመሩ በህንድ መካከል ያልፋል። በሉል ላይ ክር ወጥረን ብንለካ ግን ክሩ ወደ ሰሜን ይለጠጣል፤ የኢራንን ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ ፓኪስታንን፣ ሰሜን ህንድን፣ ኔፓልንና ቡታንን ነክቶ በሰሜን ሚያንማር በኩል ወደ ቻይናው ዩናን ግዛት ይገባል። የሁለቱ መስመሮች የርዝመት ልዩነት ከ50 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ከሥራቸው ያለው መሬት ግን እጅግ የተለያየ ነው፤ በክሩ ላይ ያለው አጭሩ መንገድ ከኤቨረስት ተራራ በስተደቡብ መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ያልፋል።

አውሮፕላን ከኤቨረስት በላይ ከፍ ብሎ ስለሚበር ይህ ምን ያሳስባል የሚል አንባቢ ይኖራል። የሚያሳስበው ከፍታው የሚጠፋበት ሁኔታ ነው። በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት በድንገት ቢቀንስ አብራሪው ሰው ያለ መተንፈሻ ጭንብል ሊተነፍስ ወደሚችልበት ወደ 3,000 ሜትር ገደማ በፍጥነት መውረድ አለበት፤ ከመንገደኛው ራስ በላይ የሚወርደው ጭንብል በአብዛኞቹ አውሮፕላኖች ኦክስጅን የሚሰጠው ለሩብ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ከኤቨረስት በስተሰሜን ያለው የቲቤት አምባ በአማካይ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለና እጅግ ሰፊ ስለሆነ፣ በእሱ ላይ እየበረረ ያለ አውሮፕላን መውረድ ቢያስፈልገው የሚወርድበት አየር የለውም፤ መሬቱ ቀድሞ ይጠብቀዋል። በዚህ ምክንያት በምዕራብና በምሥራቅ እስያ መካከል የሚመላለሱ በረራዎች አብዛኞቹ አምባውን በደቡብ ወይም በሰሜን ይዞሩታል፤ የዱባይና የጓንዡ በረራም አብዛኛውን ጊዜ ህንድን፣ ባንግላዴሽንንና ሚያንማርን አቋርጦ ቻይና ይገባል። የጎጃም አንባቢ ይህን በዓባይ በረሃ ያውቀዋል። ደብረ ማርቆስና አዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 185 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢራራቁም የመኪናው መንገድ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደጀንና ጎሐ ጽዮን በሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ፊት ለፊት እየተያዩ አውቶቡሱ ወደ ገደሉ ወርዶ እስኪወጣ የዚያን እጥፍ ያህል ይጓዛል። በአየር ላይ ያለው ዙሪያ ጥምጥም ከዚህ በጣም ያነሰ ስለሆነ ጉዞውን የሚያስረዝመው በጥቂት በመቶ ብቻ ነው፤ ሆኖም አውሮፕላኑ የሚበረው በካርታው የተጻፈውን 5,830 ኪሎ ሜትር ሳይሆን 6,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ብሎ መነሣት ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው የነፋሱ ጉዳይ ነው፤ ዓምዱ አንድም ቃል ሳይናገርለት ያለፈው እሱን ነው። አውሮፕላን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ይበራል ስንል ፍጥነቱ የሚለካው ከከበበው አየር አንጻር እንጂ ከመሬት አንጻር አይደለም፤ አየሩ ራሱ የሚንቀሳቀስ ከሆነ አውሮፕላኑን ይዞት ይሄዳል ወይም ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ሞቃቱ የምድር ወገብ አካባቢና ቀዝቃዛው ሰሜን ባላቸው የሙቀት ልዩነትና በመሬት መዞር ምክንያት ከ10,000 ሜትር በላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ጠባብና ኃይለኛ የነፋስ ጅረት አለ። በታኅሣሥና በጥር ይህ ጅረት ከሂማላያ በስተደቡብ፣ በሰሜን ህንድና በደቡብ ቻይና ላይ ይጋደማል፤ ፍጥነቱም በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ከዱባይ ጓንዡ የሚወስደው መንገድ በዚሁ ነፋስ ሥር ወይም አጠገብ ያልፋል።

እስኪ በመጠኑ ቀንሰን በመንገዱ ሁሉ በአማካይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ አለ እንበልና 6,000 ኪሎ ሜትሩን እናስላ። ወደ ጓንዡ ሲሄድ አውሮፕላኑ ከመሬት አንጻር በሰዓት 1,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ ስድስት ሰዓት ይበቃዋል፤ ወደ ዱባይ ሲመለስ ግን 800 ብቻ ስለሚሆን ሰባት ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። ልዩነቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ተማሪዎቼ እዚህ ላይ ሲደርሱ «በመሄጃው ያተረፈው በመመለሻው ከከሰረው ጋር ይቻቻላል» ይላሉ፤ አይቻቻልም። ነፋስ ባይኖር ደርሶ መልሱ አሥራ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይሆን ነበር፤ ከነፋሱ ጋር ግን አሥራ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ምክንያቱም አውሮፕላኑ በሚጎትተው ነፋስ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ በሚገፋው ነፋስ ውስጥ ከሚቆይበት ይረዝማል። በዚህ ላይ የማኮብኮቢያው፣ የመውጫውና የመውረጃው ጊዜ ሲጨመር ትኬቶች ላይ የምናየውን እናገኛለን፤ ወደ ምሥራቅ ከሰባት ሰዓት ጥቂት የሚያልፍ፣ ወደ ምዕራብ ከስምንት ሰዓት የሚበልጥ በረራ።

ይህ የዚያ መስመር ብቻ ጠባይ አይደለም። ዴልሂና ቶኪዮ 5,860 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፤ ይኸውም ከዱባይና ከጓንዡ ርቀት ጋር እኩል ነው ለማለት ይቻላል። ከዴልሂ ወደ ቶኪዮ የሚበር ሰው በሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ይደርሳል፤ ከቶኪዮ ሲመለስ ግን ከዘጠኝ ሰዓት በላይ ይቆያል። ልዩነቱ እዚህ የሰፋው የነፋሱ ጅረት በጃፓን ሰማይ ላይ እጅግ ስለሚበረታ ነው፤ በብርዱ ወራት በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚደርስበት ጊዜ አለ። ይህን ነፋስ በመሣሪያ ተከታትለው ከለኩት ቀዳሚዎች አንዱ ጃፓናዊው የአየር ጠባይ ተመራማሪ ዋሳቡሮ ኦይሺ ነበሩ። በ1920ዎቹ ከቶኪዮ በስተሰሜን ምሥራቅ ካለ የምርምር ጣቢያ ፊኛዎችን እየለቀቁ በመከታተል ነፋሱን ለኩ፤ ውጤታቸውን እ.ኤ.አ. በ1926 ያሳተሙት ግን ለዓለም ሕዝቦች መግባቢያ ይሆናል ተብሎ በተፈጠረው በኤስፔራንቶ ቋንቋ ስለነበር አንባቢ ሳያገኝ ቀረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ አካባቢ የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች በጃፓን ላይ ከዚያው ነፋስ ጋር ተጋፈጡ። ያንን የመሰለ ትጋት ያለ አንባቢ መቅረቱ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፤ ለተማሪዎቼም ሳልነግራቸው አላልፍም።

ወቅትም ይለያል። በሐምሌና በነሐሴ የነፋሱ ጅረት ከቲቤት በስተሰሜን ይሸሻል፤ በደቡብ እስያ ላይም በ15,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚነፍስ ሌላ ነፋስ ይተካል። ይኸኛው ነፋስ ከህንድ አልፎ እስከ አፍሪካ ቀንድ የሚዘልቅ ሲሆን ከእኛው ክረምት ዝናብ ጋር ግንኙነት እንዳለው የአየር ጠባይ ተመራማሪዎች ያውቁታል። እንግዲህ በክረምት የዱባይና የጓንዡ መሄጃና መመለሻ ልዩነት ይጠባል፤ በበጋ ይሰፋል። መሬት ወደ ምሥራቅ ስለምትዞር ወደ ምዕራብ የሚበር አውሮፕላን ቶሎ መድረስ አለበት የሚለው ብዙ ጊዜ የሚሰማ አስተያየትም እዚህ ላይ መልስ ያገኛል፤ አየሩ ከመሬት ጋር አብሮ ስለሚዞር አውሮፕላኑ ከመዞሯ የሚያተርፈው የለም፤ በተግባር የሚታየውም ተቃራኒው ነው።

የአየር ክልል መዘጋትን በአጭሩ ላንሣ። እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2019 መጨረሻ እስከ ጁላይ አጋማሽ ፓኪስታን የአየር ክልሏን ወይ በሙሉ ወይ በከፊል ዘግታ ስለነበር ከዴልሂ ወደ ምዕራብ የሚበሩ አውሮፕላኖች በደቡብ ዞረው ይሄዱ ነበር፤ ከዴልሂ ኢስታንቡል ይበር የነበረ አንድ የህንድ አየር መንገድም ነዳጅ ለመቅዳት ዶሃ ላይ ለማረፍ ተገድዷል። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ደግሞ ህንድና ፓኪስታን እርስ በርሳቸው ለየአውሮፕላኖቻቸው ብቻ ክልላቸውን ዘጉ። በዚህ ጊዜ በዴልሂና በዱባይ መካከል በአንድ ቀን የተነሡ ሁለት አውሮፕላኖች እንደየባለቤታቸው አገር የተለያየ መንገድ ሊይዙና የተለያየ ጊዜ ሊወስዱ ይችላሉ። የከተሞቹ ርቀት ግን አንድም ሜትር አልጨመረም።

ከሁሉም በላይ ሰው የሚጎዳበት የሰዓት አቆጣጠሩ ነው። ዓምዱ በወጣ ሰሞን የስልክ ዕቃና የሕፃናት ልብስ የሚያመጣ አንድ ጎረቤቴ የታተመ ትኬቱንና ጋዜጣችሁን ይዞ መጣ። ትኬቱ ላይ መሄጃው ከዱባይ 10:00 ተነሥቶ ጓንዡ 21:20 ይደርሳል ይላል፤ መመለሻው ከጓንዡ 01:00 ተነሥቶ ዱባይ 05:20 ይገባል። «መምህር፣ ስሄድ ዐሥራ አንድ ሰዓት፣ ስመለስ አራት ሰዓት፣ ጋዜጣው ደግሞ ስድስት ሰዓት ተኩል ይላል፤ የቱን ልያዝ?» አለኝ። በትኬት ላይ የመነሻው ሰዓት በመነሻው ከተማ፣ የመድረሻው ሰዓት በመድረሻው ከተማ አቆጣጠር እንደሚጻፍ፣ ጓንዡም ዱባይን በአራት ሰዓት እንደምትቀድም ነገርኩት። በትኬቱ ጀርባ ላይ አብረን አሰላነው፤ ከመሄጃው አራት ሰዓት ስንቀንስ ሰባት ሰዓት ከሃያ፣ በመመለሻው አራት ሰዓት ስንጨምር ስምንት ሰዓት ከሃያ ሆነ። በጋዜጣው ተማምኖ ከጓንዡ በተነሣ በስድስት ሰዓት ተኩል ዱባይ እደርሳለሁ ብሎ ለብቻው የተቆረጠ የአዲስ አበባ ትኬት ሊገዛ አስቦ ነበር፤ በዚያ ስሌት ሁለት ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ ይጎድለው ነበር። ለብቻው የተገዛ ትኬት ካመለጠ ደግሞ ገንዘቡን መልሶ ማግኘት በጣም ከባድ ነው።

ከዚያ የባሰው 01:00 የሚለው ነበር። ጎረቤቴ ይህን እንደ እኛ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት አድርጎ ወስዶት ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር ግን ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነው። ቀኑም በእነሱ ዘንድ ከእኩለ ሌሊት ስለሚለወጥ፣ ትኬቱ ማክሰኞ ሲል እኛ ለማክሰኞ አጥቢያ የምንለው ሌሊት ነው፤ መንገደኛው ሰኞ ማታ አውሮፕላን ማረፊያ መገኘት አለበት። በዚህ ምክንያት ማክሰኞ ማለዳ ሻንጣውን ይዞ ሲደርስ አውሮፕላኑ ከሄደ ብዙ ሰዓት የሆነው ሰው ጥቂት አይደለም። በአማርኛ የሚታተም ጋዜጣ ይህን ካልነገረው ሌላ ማን ይነግረዋል?

በከተሞች መካከል ያለ የሰዓት ልዩነት እንዲያውም ከጥንት ጀምሮ ርቀት የተለካበት ነው። መሬት በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር፣ ዱባይና ጓንዡ በኬንትሮስ (በምሥራቅና በምዕራብ አቀማመጥ) በ58 ዲግሪ ገደማ መራራቃቸው የፀሐይ ሰዓታቸውን አራት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት እንዲለያይ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ997 አል ቢሩኒ የተባለው ሊቅ በዛሬዋ ኡዝቤኪስታን ውስጥ በነበረችው በካት ከተማ፣ ሌላው ሊቅ አቡል ወፋ ደግሞ በባግዳድ ሆነው አንድን የጨረቃ ግርዶሽ ተስማምተው ተመለከቱ፤ እያንዳንዳቸው ግርዶሹን ያዩበትን የአካባቢያቸውን ሰዓት በማነጻጸርም የሁለቱን ከተሞች የኬንትሮስ ልዩነት አሰሉ። ልዩነቱ አንድ ሰዓት ገደማ ነበር። ሁለት የእስያ ከተሞች ምን ያህል እንደሚራራቁ ለማወቅ ከሺህ ዓመት በፊት እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ተደርጎ ከነበረ፣ እኛ ሁሉም መረጃ በእጃችን እያለ በአንድ ማካፈል መርካት የለብንም።

ስለዚህ ከዚህ በኋላ በዓምዱ ስለሚወጡ ከተሞች አክብሮት የተሞላበት ጥያቄ አለኝ። ርቀቱን ስትጽፉ ከየትኛው አውሮፕላን ማረፊያ እስከ የትኛው እንደተለካ ይጠቀስ፤ ቶኪዮን የመሰሉ ከተሞች ከአንድ በላይ ስላላቸውና ከእነዚያ አንዱ የሆነው ናሪታ ከከተማው መሀል 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ፣ ወደ ቶኪዮ ደረሰ የተባለ መንገደኛ ገና የአንድ ሰዓት የባቡር ጉዞ ሊቀረው ይችላል። ምንጩ በማይል የተጻፈ ከሆነም የአየርና የባሕሩ ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር፣ የየብሱ 1.609 ኪሎ ሜትር መሆኑ ይታይ። የበረራው ጊዜ ለመሄጃና ለመመለሻ ለየብቻ፣ ከአየር መንገዶች ፕሮግራም ላይ ተወስዶ ይጻፍ፤ የሰዓት ልዩነቱም ከጎኑ ይቀመጥ፤ መነሻና መድረሻው በእኛም አቆጣጠር ይገለጽ። ይህ ሁሉ ከአራት መስመር አይበልጥም፤ ለፎቶግራፉ ከተሰጠው ቦታ ትንሽ ቢቀነስ ይበቃል።

በሚቀጥለው እትም የባንኮክና የሴኡል መስመር እንደሚወጣ አስታውቃችኋል። በሁለቱ ዋና አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለው አጭሩ የአየር መስመር 3,670 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለ900 ሲካፈል አራት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ያህል ይሰጣል። እባካችሁ ይህን ቁጥር አታትሙት። ወደ ሴኡል የሚደረገው በረራ ከአምስት ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ወደ ባንኮክ የሚመለሰው ደግሞ ከዚያ ረዘም ብሎ ስድስት ሰዓት ይጠጋል፤ ሴኡልም ባንኮክን በሁለት ሰዓት ትቀድማለች።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጂኦግራፊ መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ